በዓል የተዉ ሰዎች፦ የገና መልእክት ለወዳጆቼ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ገናን ለማታከብሩም ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ። ዓመቱን ሙሉ የምንጨዋወተው ስለ ምናባዊ ዓለሞች ስለሆነ የበዓል መልእክቴም ከዚያው ቢቀዳ አይገርማችሁም።

በጾመ ነቢያት ደጋግሜ ያነበብኩት በአማልክት ላይ ያመፀ ሕዝብ ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን የጻፈው የኑሜኖር ታሪክ፤ ልጁ ክሪስቶፈር እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው «ሲልማሪሊዮን» ውስጥ ይገኛል።

ኑሜኖር ደሴት ናት። ሰዎቿ ሞርጎት ከተባለው የክፋት ጌታ ጋር በተደረገው ጦርነት ስለታመኑ ደሴቲቱ በስጦታ ተሰጠቻቸው፤ ዕድሜያቸውም ከሌላው ሰው እጅግ ረዘመ። የተከለከሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የአገራቸው ዳርቻ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ወደ ምዕራብ መቅዘፍ። በዚያ ማዶ ከአንዱ ፈጣሪ ከኤሩ በታች ዓለምን የሚጠብቁት፣ ሞት የማያውቃቸው ቫላር ይኖራሉ።

በደሴቲቱ መካከል ሜኔልታርማ የሚባል ተራራ አለ። ሕዝቡ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በጸደይ ለልመና፣ በበጋ አጋማሽ ለውዳሴ፣ በመኸር ማብቂያ ለምስጋና፣ ነጭ ለብሶና አበባ አጥልቆ ንጉሡን ተከትሎ ይወጣል። አናቱ ላይ ሕንፃ የለም፤ ጣሪያው ሰማይ ነው። መሣሪያ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ ከንጉሡ በቀር ቃል የሚተነፍስም የለም። በገና ጠዋት ላሊበላ ላይ ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ለሚያውቅ ሰው ያለ ዜማ በዓል ይከብደዋል። ለእነዚያ ሰዎች ግን ማኅሌታቸው ዝምታው ነበር።

ከዚያ «ለምን እንሞታለን?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። እኔ በዚህ ጥያቄ አልፈርድባቸውም። በዚህ ዓመት እናት፣ ወንድም ወይም ልጅ ቀብራችሁ ይህ የመጀመሪያ ገናችሁ የሆነ ወዳጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እናንተም ጠይቃችሁታል። የቫላር መልእክተኞችም ጥያቄውን ሰምተው ሊመልሱ መጡ። ሞት ቅጣት አይደለም፣ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ የቫላር ምድርም ዘላለማዊነትን ለማንም አትሰጥም፣ ሞት የማያውቃቸው ነዋሪዎቿ ናቸው የቀደሷት አሉ። ያን ጊዜ ነግሦ የነበረው አታናሚር ግን አልተዋጠለትም፤ አእምሮው እስኪደክም ድረስ ዙፋኑን ሙጥኝ ብሎ ኖረ።

እኔን ያስቆመኝ ቶልኪን ቀጥሎ በጥቂት ቃል የሚያልፈው ነገር ነው። የአዝመራን የመጀመሪያ ፍሬ ለኤሩ ማቅረብ ቸል ተባለ፤ ወደ ተራራው የሚወጣውም ሰው እየሳሳ ሄደ። የከለከላቸው አልነበረም፤ አንዱ ዓመት አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። የአመፁ መርከቦች የተነሡት ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ ነው። ለእኔ ግን አመፁ የተጀመረው ሕዝቡ ምስጋናውን በተወበት በዚያ ዓመት ነው።

የመጨረሻው ንጉሥ አር-ፋራዞን የሞርጎት አገልጋይ የነበረውን ሳውሮንን ማርኮ ወደ ደሴቲቱ አመጣው። ምርኮኛው ብዙም ሳይቆይ የንጉሡ አማካሪ ሆነ። ወደ ሜኔልታርማ የሚወጣ በሞት እንዲቀጣ ተደነገገ፤ ዝም ባለው ተራራ ፈንታ ለሞርጎት ግዙፍ መቅደስ ተሠራ። ከሞት ነጻ እንወጣለን ያሉት ሰዎች እዚያ ውስጥ የገዛ ወገናቸውን ሠዉ፤ ባሕር ማዶ ያሉትንም ባሪያ አደረጉ። ልቤ ከእነዚህ አመፀኞች የተለየው እዚህ ላይ ነው።

ግን ሌላ ዓይነት እምቢተኞችም ነበሩ፤ ለኤሩ የታመኑ፣ ታማኞቹ የሚባሉት። የ«ቀለበቶቹ ጌታ» ፊልሞችን ብቻ ያያችሁ፣ ከታማኞቹ አንዱ የሆነውን ኢሲልዱርን የምታውቁት የሳውሮንን ክፉ ቀለበት አልጥልም ባለው ነው። በወጣትነቱ ግን፣ የነጩ ዛፍ የኒምሎት መቆረጥ ሲወራ፣ መልኩን ለውጦ በሌሊት ብቻውን ወደ ንጉሡ ግቢ ገባ። ከዛፉ አንድ ፍሬ ቀጥፎ ሲወጣ ጠባቂዎቹ ነቁ። ብዙ ቦታ ቆስሎ አመለጣቸው። ፍሬው በስውር ተተከለ፤ ኢሲልዱር በሞትና በሕይወት መካከል ተኝቶ ከረመ። በጸደይ ችግኙ የመጀመሪያ ቅጠሉን ሲዘረጋ እሱም ከአልጋው ተነሣ። ዛፉ በኋላ ተቆርጦ የመቅደሱ የመጀመሪያ እሳት ማገዶ ሆነ።

የቀረውን ትገምቱታላችሁ። አር-ፋራዞን ሞቱ ሲቃረብ መርከቦቹን ይዞ ወደ ምዕራብ ዘመተ፤ ኑሜኖር ሰመጠች። ያመለጡት የታማኞቹ ዘጠኝ መርከቦች ናቸው፤ በአንዱም ያ ችግኝ ነበረበት።

ስለ በዓል ቀን ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ላንሣ። ቶልኪን አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። «የቀለበቶቹ ጌታ» ላይ ቀለበቱን ሊያጠፉ የሚሄዱትን ጓደኞች ጉዞ ዲሴምበር 25 አስጀምሮ ሳውሮንን የሚጥለው ማርች 25 ነው፣ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የብሥራት ቀን። ይኸው ማርች 25 በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር የእኛ መጋቢት 29 ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ጽንሰቱን የምታስብበት ቀን። ከዚያ ዘጠኝ ወር ስትቆጥሩ ታኅሣሥ 29 ላይ ናችሁ።

እንግዲህ ለዛሬ፣ ቤይሩትም ሆናችሁ ዱባይ፣ ዋሽንግተንም ሆናችሁ ሎንዶን፣ ፈቃድ አጥታችሁ ሥራ ላይ የዋላችሁ፣ ማታ ስትገቡ ቡናዋን አፍሉ፣ ለእናታችሁም ደውሉ። ሐዘን ላይ ያላችሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ብቻችሁን አትዋሉ። በእኩለ ሌሊት ቅዳሴ ያስቀደሳችሁ፣ ዶሮ ስትገነጥሉ ያደራችሁ፣ ገና ሜዳ ላይ የምትጫወቱ ሁሉ፣ ስለምታከብሩት አመሰግናችኋለሁ። መልካም ገና! ለከርሞም በሰላም ያድርሰን።