ባላንጣችንን ማን ሣለው?

ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ከሸዋ ሮቢት የመጣ የተማሪዎች ቡድን ከእኛ ልጆች ጋር የተጋጠመ ዕለት ጨዋታው ሳያልቅ ድንጋይ ተወረወረና የአንድ እንግዳ ልጅ ግንባር ተፈነከተ። ነገሩን እንዳጣራ ተመደብኩ። ከማን ጀመረ ብዬ ስጠይቅ ስጠይቅ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ደረስኩ።

ክበቡ ከጨዋታው በፊት በየዕረፍቱ በድምፅ ማጉያ አጭር ድራማ ያሰማ ነበር። በድራማው ውስጥ የሸዋ ሮቢት ልጅ ሁሉ ደመ ፍሉ፣ ጩቤ ከወገቡ የማይለይ፣ ሲሸነፍ የሚደባደብ ነው። ከጻፉት ልጆች አብዛኞቹ ግን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚያወርደውን የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርደው አያውቁም።

“መምህር፣ ለማሳቅ ብለን እንጂ በክፋት አይደለም” አሉኝ። አመንኳቸው። ይበልጥ ያስፈራኝም ይኸው ነው፤ በክፋት የተሠራውን ሰው ቶሎ ይነቃበታል።

ስለ አሜሪካ ሲኒማ አወራኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሶቪየት ኅብረት ሂትለርን በመውጋት የአሜሪካ አጋር ነበረች። ዋርነር ብራዘርስ በሞስኮ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩትን የጆሴፍ ዴቪስን ማስታወሻ “ሚሽን ቱ ሞስኮ” ብሎ ፊልም አደረገው፤ ስታሊንም በዚያ ፊልም የረጋ፣ አስተዋይ ሽማግሌ ሆኖ ቀረበ። ጦርነቱ አልቆ ወዳጅነቱ ሲፈርስ የኩባንያው ኃላፊ ጃክ ዋርነር በ1947 በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለዚሁ ፊልም ተጠየቀ። በ1980ዎቹማ ሩሲያዊው በአሜሪካ ፊልም ልብ የሌለው ወራሪ ሆኖ ነበር። በ2012 የወጣ ሌላ ፊልም ደግሞ አሜሪካን የሚወርር የቻይና ጦር ያሳይ ነበር፤ ከተቀረጸ በኋላ ግን አዘጋጆቹ የቻይናን ገበያ ላለማጣት ባንዲራውንና ምልክቱን በኮምፒውተር ቀይረው የሰሜን ኮሪያ አደረጉት።

“ተዋንያኑስ?” አለ አንዱ።

“ያው እነርሱ ናቸው።”

ከዚያ ወደ ራሳችን መጣሁ፤ እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ማለቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው ሉቼ የተባለው የኢጣሊያ መንግሥት የፊልም ተቋም በ1935ቱ ወረራ ካሜራውን ይዞ ከሠራዊቱ ጋር ዘመተ። የሮማ ተመልካች በየሲኒማ ቤቱ ያየው መንገድ የሚሠራ፣ ባሪያ ነጻ የሚያወጣ ወታደር ነበር። በአባቶቻችን ላይ የዘነበው የመርዝ ጋዝ በዚያ መጋረጃ ላይ አልታየም። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ያ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ በሲኒማ ቤት ያጨበጨበው ሰው አርጅቶ፣ ያየውን እንደ እውነት ይዞ ሞቷል። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ክበቡ ጸጥ አለ። በኋላ ድራማውን በድምፅ ከተጫወቱት አንዷ እጇን አወጣች። “መምህር፣ ዓምና እኛ ተሸንፈን ሸዋ ሮቢቶች ለፍጻሜ ሲደርሱ በዚሁ ድምፅ ማጉያ ‘ወንድሞቻችን፣ በርቱ’ ብለን ነበር። ያነበብኩት እኔ ነኝ።” ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ።

ወደ ሸዋ ሮቢቱ ትምህርት ቤት ደውዬ የእነርሱም ክበብ ስለ እኛ የጻፈው ካለ እንዲልኩልን ጠየቅኩ። አላሳፈሩንም፣ ላኩልን። በእነርሱ ድራማ ደብረ ብርሃኖች በጋቢ ተጀቡነን ከምድጃ የማንርቅ፣ ለእንግዳ ቡና የምንሰስት፣ ነገር በሆድ የምንይዝ ነን። የእኛ ልጆች ተቆጡ። “እኛ መቼ እንዲህ ሆንን? እዚህ መጥተው ቤታችንን አይተዋል?” አሉ። መልስ አልሰጠኋቸውም፤ የራሳቸውን ጽሑፍ ከዚያኛው ጎን አስቀመጥኩላቸው።

ቀጣዩ ጨዋታ ሸዋ ሮቢት ነው። ሁለቱ ክበቦች በዋዜማው ተገናኝተው ሁለቱንም ድራማዎች ባለቤቶቹ ፊት ያነባሉ። የተፈነከተው ልጅም ይገኛል ተብሏል፤ የእኛ ልጆች ቀድመው ሊያነጋግሩት የሚፈልጉት እርሱን ነው።