ብርሃን አንድ ሴል ላይ ብቻ መጣል፦ እስካሁን የደረስኩበት

እስኪ ዛሬ ትንሽ ልጎርር። ሰሞኑን ሚቶኮንድሪያቸው (የሴል ጉልበት ማመንጫው) ላይ ዴንድራ2 የሚባል አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ካላቸው ሴሎች መሃል አንዷን መርጬ፣ ያውም ጫፏን ብቻ፣ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ቀየርኳት፣ ጎረቤቶቿ አረንጓዴ እንደሆኑ ቀሩ። ዴንድራ2 የ405 ናኖሜትር (ሐምራዊ) ብርሃን ሲያገኘው ቀይ ሆኖ የሚቀር ስለሆነ፣ ቀዩ ከዛ ወዴት እንደሚሄድ መከታተል ነው።

ሴል ማሳደጉን፣ 37 ዲግሪውን፣ 5 ፐርሰንት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ታውቁታላችሁ፣ እዘለዋለሁ። ብርሃኑን የሚቀርጽልኝ ዲኤምዲ ነው፣ ያ ፕሮጀክተር ውስጥ ያለው ቺፕ፣ ላሪ ሆርንቤክ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ እያለ እ.ኤ.አ. በ1987 የሰራው። ላዩ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መስታወቶች አሉ፣ እያንዳንዱ 12 ዲግሪ ገደማ ወዲህ ወይ ወዲያ ይዘነበላል፣ ወዲህ ሲል ብርሃኑ ሴሉ ላይ ይወርዳል፣ ወዲያ ሲል ይጣላል።

ጣጣው ካሊብሬሽን ላይ ነው፣ ካሜራውንና መስታወቶቹን ማገጣጠሙ ላይ። የማይክሮስኮፑ ካሜራ ምስል ላይ ክብ ትስላለህ፣ ብርሃኑ ግን ፈንጠር ብሎ ያርፋል፣ ምክንያቱም የካሜራው ፒክስልና መስታወቱ በመጠንም በማዕዘንም አይገጥሙም፣ አንዳንዴ ጭራሽ ምስሉ እንደ መስታወት የተገለበጠ ነው። ሶፍትዌሩ «ጨርሻለሁ» ስላለ ብቻ አትመኑት! እኔ ከሁሉም የምወደው መሳሪያ ቢጫ ሃይላይተር ነው፣ በቃ የጽህፈት መሳሪያ ቤቱ። ከቨር ስሊፕ (ስስ የማይክሮስኮፕ ብርጭቆ) ላይ በስሱ ትቀቡታላችሁ፣ ሲደርቅ ፎከስ አድርጋችሁ በብርሃኑ ፊደል ትጥሉበታላችሁ። «ሠ» ወይ «ጠ» አይሆንም፣ ግራና ቀኙ ስለሚመሳሰል ቢገለበጥም አይታወቅም፣ «ሁ» ግን ጭራዋ በአንድ ጎን ስለሆነች ወዲያው ታጋልጣለች። ከዛ አራቱም ማዕዘን ላይ ትናንሽ ነጥብ ጥላችሁ እዩ፣ መሃል ላይ ልክ ሆኖ ዳር ላይ የሚስት ብዙ ነው። ኦብጀክቲቭ (የማይክሮስኮፑን ሌንስ) በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና። ማሞቂያው ተከፍቶ ማይክሮስኮፑ ሳይረጋ የሚሰራ ካሊብሬሽን ደግሞ ጊዜ ማባከን ነው፣ ብረቱ ሲሞቅ ሁሉም ነገር ይንሸራተታል።

ሌላው፣ «ጠፍቷል» የተባለው መስታወትም ትንሽ ብርሃን ያሾልካል። ለአንድ ብልጭታ ምንም አይደል፣ የብርሃኑ ምንጭ፣ ኤልኢዲው፣ ሰዓቱን ሙሉ በርቶ ከዋለ ግን ተጠራቅሞ ጎረቤቶቹም መቅላት ይጀምራሉ። ስለዚህ ኤልኢዲውን ራሱን ከካሜራው ጋር በትሪገር (በማብሪያ ማጥፊያ ምልክት) አስራችሁ በየመሃሉ አጥፉት። ዴንድራ2 ደግሞ አረንጓዴውን ለማየት በምናበራው የ488 ናኖሜትር ሰማያዊ ብርሃንም ጠንከር ካለ ይቀየራል፣ አረንጓዴውን ስታዩ ራሱ ቆጥቡ። ሁሌም ካነጣጠራችሁባት ራቅ ያለች አንድ ሴል መዝግቡ፣ እሷ ከቀላች ውጤታችሁ አያስኬድም። ይህን ቁጥጥር የማይሰራ ሰው ግራፍ ሲያሳየኝ እውነቱን ለመናገር አላምነውም፣ እኔም ብሆን አርብ ማታ ሲደክመኝ እሱን ለመዝለል እጄን ይበላኛል።

ጥልቀቱን ግን አልተወጣሁትም። ዲኤምዲ ወደ ጎን ይመርጣል እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አይመርጥም፣ ብርሃኑ ከፎከሱ በላይም በታችም ያለውን ሁሉ እያበራ ነው የሚያልፈው። ለጥልቀት ቱ-ፎተን (ፎከሱ ላይ ብቻ የሚሰራ የሌዘር ዘዴ) ያስፈልጋል፣ እኛ ጋ የለም፣ ስለዚህ ለጊዜው የምሰራው ከቨር ስሊፑ ላይ ዝርግ ብለው በተጣበቁ ሴሎች ብቻ ነው፣ የተደራረበ ነገር ይዞ የመጣ ጓደኛዬን ይቅርታ ብዬ መልሼዋለሁ።