ሩበንሳዊት

ዛሬ ዝናቡ ልብስ ሰፊው ጋ አግቶኝ ዋለ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ከጀመረ መላቀቂያ የለውም። ሰውዬው ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠመጠመና ዝም አለ። ፈታው፣ መልሶ ለካኝ። «ተመችቶሻል መሰለኝ እህቴ» አለ በመጨረሻ፣ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ እየጻፈ። አይቼዋለሁ። አልነግራችሁም።

እማማ ቢሆኑ «ወፈር ብለሽ አማረብሽ» ብለው ይመርቁኝ ነበር። ቢሮ ያለችው ደግሞ ያንኑ ነገር ሰው እንደሞተብኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትለው።

ቆሜ ሳለሁ ትዝ ያለኝ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። ሥዕል ላይ ሞላ ያለች፣ ክንዷም ዳሌዋም የደላት ሴት ሲያዩ በሠዓሊው በሩበንስ ስም ይጠሯታል። በእኛ አፍ «ሩበንሳዊት» እንበላት። ማድሪድ፣ ፕራዶ ሙዚየም ያለውን ሦስት እርቃን ሴቶች የሣለበትን ሥዕል በስልኬ አወጣሁት። ጎላ ሳደርገው የመሃለኛዋ ጀርባዋን ሰጥታናለች፣ ሥጋዋ ስርጉድ ስርጉድ ይላል። ሩበንስ ስርጉዱን አልደበቀውም። እዚህ ቀላ፣ እዚያ ሰማያዊ ነካ እያደረገ፣ ጊዜ ወስዶ ሣለው እንጂ።

የግራዋ ሁለተኛ ሚስቱን ሔሌናን ትመስላለች ይባላል። በ1630 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲያገባት እሱ 53፣ እሷ 16 ዓመቷ ነበር። (ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።) እና ሥጋው የእሷ፣ ቅጽሉ የእሱ! «ሔሌናዊት» ማለት ምን ነበረበት?

የእኛዎቹ ቃላት የማንም ስም የለባቸውም። ድንቡሽቡሽ። በሉት እስቲ፣ ጉንጭ ይሞላል። ግን ለሕፃን ነው የሚያምረው፣ በእኔ ዕድሜ ወደ ስድብ ይጠጋል። ደልዳላ ደግሞ ወንድ ወንድ ይላል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም አልረዱኝም፤ የጨነቃቸው ዓይን ነው፣ ወገቡን ቀሚስና ካባ ሸፍኖላቸዋል።

ዝናቡ መቼ እንዳባራ አላውቅም። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ። ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ሳለሁ ሰውዬው «ጎኑን ላስፋው ወይስ እስከዚያ ትቀንሻለሽ?» ብሎኝ ነበር። «እሺ» ብየዋለሁ።

ሠርጉ እሑድ ነው። ለየትኛው ነው እሺ ያልኩት?