ውሃው ከወገብ አያልፍም

ስለ ክሪሚያ የጦርነት ታሪክ አጭር ዘጋቢ ፊልም እየሠራን ነበር። ካርታው አልቋል፣ ትረካው ተቀድቷል፣ ኤዲቲንግ ክፍል ገብተን የመጨረሻውን እያየን ነው። ካርታው ሲያምር! መሬቱ ቢጫ፣ ውሃው ሰማያዊ። ክሪሚያን ከዋናው ምድር የሚያገናኛት የፔሬኮፕ መሬት መሃል ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ተራኪው በዚያ ግርማ ባለው ድምፁ «በእግር መግቢያው ይህ ብቻ ነው» ይላል።

የፊልም ክምችታችንን የሚይዙ አንድ አዛውንት አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የቀድሞው ባሕር ኃይል ባልደረባ ናቸው፤ ሶቭየት ኅብረት ተምረዋል። ሃርድ ዲስክ ሊያቀብሉን ገብተው ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ቀረ።

«ልጆች፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ሰማያዊ ምንድን ነው?»

«ባሕር ነዋ ጋሼ።»

«ስንት ሜትር ይጠልቃል?»

ዝም አልን። አዘጋጁ ሰዓቱን አየ።

ሲቫሽ ይባላል። ስሙ ባሕር ይሁን እንጂ ብዙው ቦታ ከአንድ ሜትር አይጠልቅም። ጨዋማ ነው፣ ሥሩ ጭቃ ነው፣ በበጋ ይገማል። መርከብ አይሄድበትም። ሰው ግን፣ መንገዱን ካወቀ፣ ይሻገረዋል።

ፔሬኮፕ ጠባቡ ላይ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ቢሰፋ ነው። ስለዚህ ተከላካይ ሁሉ እዚያው ይመሽጋል። ከዳር እስከ ዳር ቦይ ተቆፍሮ የአፈር ግንብ ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1737 የክሪሚያው ካን ጦሩን ይዞ እዚያ ሲጠብቅ፣ የሩሲያው አዛዥ ላሲ በምሥራቅ ዞሮ፣ በአራባት ቀጭን የአሸዋ መሬት በኩል ገባ።

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የ1920ው ታሪክ ሲደርስ እጃቸው ሳይቀር ይተርካል። የሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ ቦልሼቪኮችን የሚዋጋው የጄኔራል ቭራንጌል ነጭ ጦር ፔሬኮፕ ላይ መሽጓል። በኅዳር ወር ነፋሱ የሲቫሽን ውሃ ገፍቶ አሸሸው። በፍሩንዜ የሚመሩት የቦልሼቪኮቹ ቀይ ወታደሮች በሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ ጭቃውን እያቦኩ ተሻገሩ። መንገድ የመራቸው ኢቫን ኦሌንቹክ የሚባል የአካባቢው ገበሬ ነው። ከዚያ ነፋሱ ዞረና ውሃው ይመለስ ጀመር፤ የተሻገሩት ከኋላቸው ሊቆረጡ ምንም አልቀራቸውም። ግንቡ ግን ተያዘ። በቀናት ውስጥ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ሰው በመርከብ ክሪሚያን ለቆ ወጣ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በ1943 ቀይ ጦር ጀርመኖችን ሲወጋ ሲቫሽን እንደገና ሲሻገር፣ መንገድ መሪው ያው ኦሌንቹክ ነበር!

አዘጋጁ ዝም ብሎ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። «በ1941 ጀርመኖች የገቡት በፊት ለፊት አይደል እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው። የጀርመኑ ጄኔራል የማንሽታይን ጦር ፔሬኮፕን ሰብሮ ነው የገባው፤ ብዙ ሰው አስከፍሎታል።

«እሱን መቼ ካድኩ?» አሉ ጋሼ። «በሩ በር ነው። አጥሩ ግን አጥር አይደለም ነው የምላችሁ።»

ለእኔ የሥራ ትምህርቱ እዚህ ጋ ነው። ስክሪፕቱ ላይ የመሬቱ ስፋት፣ ርዝመት፣ የግንቡ ታሪክ ሁሉ አለ። የውሃውን ጥልቀት የጠየቀ የለም። ሰማያዊ ቀለም ስታይ መጠየቅ ትተዋለህ። አሁን የግራፊክስ ልጃችን ጥልቀቱ ካልተነገራት ውሃ አትቀባም።

ተራኪው ተጠርቶ ያችን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ቀዳ። ሲቫሽም ግራጫ ሰረዝ በሰረዝ ሆነ። አዘጋጁ ግን እስካሁን ቀለሙ አልተዋጠለትም። በረሃ ይመስላል ይላል።