ዳኛ የሌለው ዕቁብ

ኢሜይሉ የገባው ማክሰኞ ማታ ነው፣ 4 ሰዓት አካባቢ። ልጄን አስተኝቼ ላፕቶፑን ገና መክፈቴ ነበር። ርዕሱ «የዴቨሎፐር አካውንትዎ ተዘግቷል» ይላል። የአጭበርባሪ መልእክት መስሎኝ የላኪውን አድራሻ ሁለት ሦስቴ አየሁት። የእነሱው ነው፣ የስቶሩ፤ የሠራሁትን አፕ ሰው ወደ ስልኩ የሚያወርድበት ገበያ።

ውስጡ አራት መስመር ነው። አካውንቴ «ቀደም ሲል በደንብ ጥሰት ከተዘጋ አካውንት ጋር ግንኙነት ያለው ሆኖ ተገኝቷል»። የቱ አካውንት? አይናገርም። ምን ዓይነት ግንኙነት? እሱንም አይናገርም። ሌላ አካውንት ልክፈት ብል እሱም እንደሚዘጋ መጻፍ ግን አልረሱም። መጨረሻው ላይ «እናመሰግናለን» ይላል። ለምኑ እንደሆነ እንጃ።

ዛሬ እሑድ ነው። እስከ ትናንት ድረስ ከንዴት ብዛት አንድ መስመር መጻፍ አልቻልኩም። አሁን ትንሽ በረድ ብሎልኛል።

አፑ የዕቁብ መዝገብ ነው። ሌላ ነገር የለውም። ማን ጣለ፣ ማን አልጣለም፣ ለማን ደረሰ፣ ዋሱ ማነው። ዕጣም ያወጣል። የጀመርኩት 2012 ላይ፣ ኮሮና ቤት ያዋለን ጊዜ ነው። እማዬ ኮልፌ የሰፈራቸው ዕቁብ ጸሐፊ ናት። መዝገቧ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበር፤ ሽፋኑ ላይ የዘይት ጠብታ አለበት። የጣለ ሰው ስም ፊት ለፊት በቀይ እስክሪብቶ ትጭራለች። መሰብሰብ ሲከለከል ዕጣው በስልክ ይውጣ ተባለ። ግን እሷ ብቻዋን ቤቷ ዕጣ አውጥታ «ለእገሊት ደረሰ» ብላ ብትደውል ማን ያምናታል? ሁሉም በየስልኩ እያየ ዕጣው እንዲወጣ ብዬ በሁለት ሳምንት ሠራሁላት። ከዚያ የአክስቴ ዕቁብ ፈለገው። ከዚያ የቢሮ ልጆች። በቃ ስቶር ላይ ላውጣው አልኩ።

የመጀመሪያው ጣጣ እዚያው ጀመረ። የአፑን መግለጫ በእንግሊዝኛ ስጽፍ «ዕጣ» የሚለውን «ሎተሪ» ብዬ አስቀመጥኩት። ሰኔ መጨረሻ ላይ አስገባሁ። ሰኔ 23 ኢንተርኔት ጠፋ። ሦስት ሳምንት ገደማ አገሩ በሙሉ ጭር አለ። ሐምሌ ላይ ሲመለስ ኢሜይሌን ብከፍት ሰኔ 24 የተላከ መልእክት ቆየኝ፦ አፕዎ በገንዘብ የሚካሄድ ቁማር ነው፣ በ7 ቀን ውስጥ ያስተካክሉ። 7 ቀኑ ሐምሌ 1 አልቋል። ኢንተርኔት አልነበረም ብዬ ጻፍኩላቸው። የመጣው መልስ ስለ ቁማር ደንቡ የሚያስረዳ ሊንክ ነበር።

ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው፣ አልክድም። «ሎተሪ» ብሎ የጻፈ ሰው ቁማርተኛ ቢመስል አይገርምም። ከዚያ በኋላ ግን ዕቁብን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ አየሁ። ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ሁሉም እኩል ይደርሰዋል፣ ማንም አይበላም፣ ማንም አይበላበትም፣ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው። ይህን አራት ጊዜ ጻፍኩ፣ አራት ጊዜ ቁማር ተባልኩ። በአምስተኛው «ሎተሪ» የሚለውን ቃል አጥፍቼ «ተራ» አልኩት። በሁለት ቀን አለፈ! ኮዱ ላይ አንድ ፊደል አልነካሁም።

ያኔ ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው ማስጠንቀቂያ ነበር መሰለኝ። አምስት ጊዜ ስጽፍ ያነበበኝ ሰው እንደሌለ ገብቶኝ ዝም አልኩ።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። «ግንኙነት» የተባለው ምን ይሆን ብዬ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። የቢሮው ዋይፋይ? ላፕቶፑን ከአንድ ልጅ ላይ ነው የገዛሁት፣ እሱ ይሆን? በመጨረሻ የመጣልኝ ካርዱ ነው። ስቶሩ ላይ የመመዝገቢያውን ዶላር የከፈለልኝ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ያኔ እዚህ ሆኖ በኢንተርኔት ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ማን ነበር? ውጭ ዘመድ ያለው በዘመዱ ይከፍላል፣ የሌለው የጓደኛውን ዘመድ ይለምናል። ካርድ መዋዋስ ለእኛ ወንፊት እንደ መዋዋስ ነው።

ደወልኩለት። እዚያ ገና ከሰዓት ነው፣ ሥራ ላይ ነበር።

«ከእኔ ሌላ ለማን ከፍለሃል?»

«ኧረ እኔ ምኑን አስታውሼው። የሰፈር ልጆች ይልኩልኛል፣ እከፍላለሁ። አራት አምስት ይሆናሉ። ምነው፣ ምን ተፈጠረ?»

ከአራት አምስቱ አንዱ የሆነ ነገር አጥፍቶ ተዘግቶበት ይሆናል። ሳያጠፋም ተዘግቶበት ይሆናል፣ እንደኔ። ለማሽኑ በአንድ ካርድ የከፈለ ሁሉ አንድ ሰው ነው፣ አለዚያም አንድ ቡድን። ይህ ግምቴ ነው እንጂ ማረጋገጫ የለኝም። የሚነግረኝ የለማ።

ደንቡ ዝም ብሎ ከሰማይ እንዳልወረደ አውቃለሁ። ያጭበረበረ ሰው ሲዘጋበት በወንድሙ ስም ሌላ ይከፍታል። የባንክ አፕ አስመስለው ሠርተው የሰው ሒሳብ የሚያራቁቱ አሉ። ለእማዬም በቴሌግራም አንድ ተልኮላት ለጥቂት ነው ያመለጠችው። እኔ ራሴ ስቶር ባስተዳድር ይህን ደንብ አወጣ ይሆናል። ያወጣሁ ዕለት ግን «በስሕተት ነው የተዘጋብኝ» የሚለውን ሰው የሚሰማ አንድ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጥ ነበር።

ይግባኝ የሚባል ፎርም አለ። 1,000 ፊደል ይፈቅዳል። ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ሳልገባ ካፌ ቁጭ ብዬ ሞላሁት። ዕቁብን፣ ካርዱን፣ የአክስቴን ልጅ፣ ሁሉንም። ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ መልሱ መጣ። 11 ደቂቃ። ያው አራት መስመር፣ ያው «እናመሰግናለን»።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት።

«ለምን ሄደህ አታናግራቸውም?»

«የማናግረው ሰው የለም እማዬ። ማሽን ነው።»

«ሰው ከሌለ ታዲያ ማን ዘጋው?»

ዝም አልኩ። እሷ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ ለራሷ እንደምታወራ ሆና «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» አለች። ስንቴ የሰማሁት ተረት ነው፣ እንደዚያ ቀን ግን ሆዴ ገብቶ አያውቅም። አፑ በቅሎ አይደለም። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለው፣ ሳንቲም አላገኘሁበትም። ጭብጦ ነው። ያለ ፍርድ መሄዷ ነው የሚያንገበግበው።

ድሮ ባላገር «በሕግ አምላክ!» ከተባለ እግሩን አያነሳም ነበር ይባላል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው እዚያው ይሟገታሉ። ወደ ዳኛ ሲሄዱም ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይጓዛሉ፤ ቁራኛ የምንለው ቃል ከዚያ ሥርዓት ጋር ነው የመጣው። ያ ዘመን ፍትሕ የሞላበት ነበር አልልም፣ ስንቱ ደሃ ርስቱን በሙግት ተነጥቋል። ግን ቢያንስ ከሳሽህ ከጎንህ ነው፤ ነጠላህን ይዞ፣ አቧራህን እያቦነነ። የኔን ነጠላ ማን ላይ ልቋጥረው?

ሐሙስና አርብ የሌሎችን ታሪክ ሳነብ አመሸሁ። ሕመምተኛ እንደኔ የታመመ ሰው ይፈልጋል አይደል። አንድሪው ስፒንክስ የሚባል ሰው አለ፣ ቴራሪያ የተባለውን ጌም የሠራው። በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የጉግል አካውንቱ ተዘጋበት። ጂሜይሉ ከ15 ዓመት በላይ የቆየ ነበር። እሱም ዩቲዩቡም ድራይቩም አንድ ላይ ሄዱ። ሦስት ሳምንት መልስ አጣ። የካቲት ላይ ትዊተር ወጥቶ ጌሙን ስታዲያ ይባል ለነበረው የጉግል የጌም አገልግሎት ማዘጋጀቱን እንደተወ ተናገረ። ዓለም ተንጫጫ፣ አካውንቱም ተመለሰ። ያ ጌም ያኔ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ትዊተር ላይ እኔ 212 ተከታይ አሉኝ፣ ግማሾቹ ዘመዶቼ ናቸው።

ኤፒክ ጌምስ የሚባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ፎርትናይት በተባለው ጌሙ ውስጥ ስቶሮቹን የሚያልፍ የራሱን መክፈያ ሲያስገባ አፕልም ጉግልም በዚያው ቀን ጌሙን ከስቶራቸው አስወገዱት። ኤፒክ በዚያው ቀን ከሰሳቸው፤ ክሱ ተጽፎ ተዘጋጅቶ ነበር። ከአፕል ጋር ለዓመታት ተሟገተ፤ ፎርትናይት አሜሪካ ውስጥ ወደ አይፎን የተመለሰው ግንቦት 2025 ነው። እኔን የገረመኝ ግን መሐል ላይ ያለው ነው። መጋቢት 2024 አፕል የኤፒክን የስዊድን አካውንት ዘጋ። የአውሮፓ ኅብረት ሰዎች ምንድነው ነገሩ ብለው ጠየቁ። በሁለት ቀን ተመለሰ። ሁለት ቀን!

ይህን ስቶክሆልም ላለው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነገርኩት። እሱም አፕ ይሠራል። «እኛ ጋ ሕግ አለ» አለኝ። እውነቱን ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ አለ፤ እንዲህ ያለ መድረክ የነጋዴን አካውንት ሲዘጋ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፣ ጠቅላላ የሚያሰናብተው ከሆነም፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከ30 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት። ከየካቲት 2024 ወዲህ ደግሞ ሌላ ሕግ ተጨምሯል፣ ቅሬታን ማሽን ብቻውን እንዳይወስን የሚከለክል። እሱና እኔ አንድ ክፍል ነው የተማርነው፣ አንዱን ኮድ ከአንዱ እየገለበጥን። አሁን እሱ ቢዘጋበት ምክንያት ይነገረዋል። እኔ «እናመሰግናለን» እባላለሁ።

ስቶሮቹ ከሽያጭ ስለሚቆርጡት ኮሚሽን፣ ስለ 30 በመቶው፣ ብዙ ተብሏል። ለትንንሾቹ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 15 ወርዷል። ገንዘብ ለሚያገኝ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። የዜሮ 30 በመቶ ግን ዜሮ ነው፣ እኔ እዚያ ጠብ ውስጥ የለሁበትም።

የጠፋብኝ ሌላ ነው። ስቶሩ ላይ ሰዎች የጻፉልኝ ነበር። አንዲት ሐዋሳ ያለች ሴት «እግዜር ይስጥልኝ፣ ከባለቤቴ ጋር ጣልክ አልጣልክም ቀረ» ብላ ጽፋ ነበር። ስክሪንሾት እንኳ አላነሳሁትም። 9,000 የሚጠጋ ሰው ጭኖታል። ስልካቸው ላይ ያለው ይሠራል፤ ስልክ ከቀየሩ ግን አለቀ። ነገ አንድ ስሕተት ባገኝ አፕዴት መላክ አልችልም። የት እንዳሉ አላውቅም፣ ስማቸውን አላውቅም፣ እንዳላውቅ ብዬ ነው የሠራሁት። ለደንበኞቼ የማወራበት በር ያው የስቶሩ በር ብቻ ነበር።

ቀጥታ ፋይሉን በቴሌግራም መላክ ይቻላል። እኛ አገር አፕ በዜንደር፣ በቴሌግራም እየተቀባበለ የኖረ ሕዝብ ነን። ይህም በር እየጠበበ ነው። ጉግል ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው ከስቶሩ ውጭ የሚጫኑ የአንድሮይድ አፖችም ሠሪያቸው ማንነቱን ያስመዘገበ መሆን አለበት፤ ከመስከረም 2026 በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ይጀመራል፣ ሌላው አገር ይከተላል። ልምድ ላለው ሰው መንገድ እንደሚተው ኋላ ላይ ተናግሯል። የእማዬ ዕቁብተኞች ልምድ ካላቸው ሰዎች ውስጥ ይቆጠሩ ይሆን?

ዛሬ ከሰዓት ኮልፌ ሄድኩ። የዕቁቡ ዳኛ ስልካቸው ውኃ ውስጥ ገብቶ የልጅ ልጃቸው የተወላቸውን አሮጌ ስልክ ይዘው መጥተዋል። «አፑን ብፈልገው ብፈልገው የለም ይለኛል» አሉኝ። ተዘግቷል አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁም፤ ሰሞኑን ለምን ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እማዬ ቀድማ ነግራቸው ይሆናል።

ፋይሉን በቴሌግራም ላክሁላቸው። ከፈቱት። ስልኩ ማስጠንቀቂያ አወጣ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉና ጮክ ብለው አነበቡት። እዚያ የተቀመጠው ዕቁብተኛ ሁሉ ሰማ።

«ይህ ፋይል ጎጂ ሊሆን ይችላል ይላል። አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«እንግዲያውስ» አሉና ተጫኑት።

ስልኩ በቂ ቦታ የለም አለ። የልጅ ልጃቸው የሞላበትን የካርቱን ቪዲዮ እሳቸው እየመረጡ እኔ እያጠፋሁ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። አንዱን ግን አላስነኩኝም። ዳክዬዎቹ ያሉበትን።