ሳሎኑን ለክቼ ሳጥኑን ስወቅስ

ባለ 12 ኢንች ሳብዉፈሬን (ወፍራም ድምፅ ብቻ የሚያወጣውን ስፒከር) በኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ በተጨመቀ ጣውላ) በሠራሁት 50 ሊትር በሚይዝ ዝግ ሳጥን ውስጥ ገጥሜ የጨረስኩት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ማታውኑ የመለኪያ ማይክሮፎኑን ሁልጊዜ በምቀመጥበት ሶፋ ላይ በጆሮዬ ከፍታ አቆምኩና ከ15 እስከ 200 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ ከላፕቶፑ ለቀቅሁ። የወጣው ግራፍ 37 ኸርዝ አካባቢ ከግራ ቀኙ 18 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ያህል የወረደ ጉድጓድ ነበረው። እሑድን ሙሉ ሳጥኑን ስፈታና ስገጥም፣ መጋጠሚያው አየር ያሾልክ እንደሆነ በሻማ ነበልባል ስፈትሽ ዋልኩ፤ አንድ ስፒከር ብቻውን ሲሠራ ሽቦ መገልበጥ ለግራፉ ምንም እንደማይለውጥ እያወቅሁ እንኳ ገልብጬ ሞከርኩ። ሳጥኑ ምንም እንከን አልነበረበትም።

እንቆቅልሹን የፈታልኝ የአናጢ ሜትር ነው። ሳሎኔ 4.6 ሜትር ይረዝማል፤ ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ይህን ለርዝመቱ እጥፍ ለ9.2 ሲያካፍሉት 37.3 ኸርዝ ይመጣል። በዚህ ድግግሞሽ ሞገዱ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ ግፊቱ ግድግዳዎቹ ዘንድ ይበረታል፣ ልክ መሀል ላይ ደግሞ ይጠፋል፤ ሶፋዬም የተቀመጠው ልክ መሀል ላይ ነበር። ማይክሮፎኑን ከኋላው ግድግዳ አስጠግቼ ስለካ በዚያው በ37 ኸርዝ ጉድጓዱ ጠፍቶ ጉብታ በቅሎ አገኘሁት። የብሎኬት ግድግዳ ወፍራም ድምፅን እንደ ስስ ጂፕሰም በቀላሉ ስለማያሳልፍ ጉብታውም ጉድጓዱም በእኛ ቤት ይጎላሉ።

ሳጥኑን ከክፍሉ ለይቶ ለማየት ማይክሮፎኑን የስፒከሩን ኮን (የሚርገበገበውን ሾጣጣ ሽፋን) ሊነካ እስኪደርስ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ይህን ዘዴ የስፒከር መሐንዲሱ ዶን ኪል እ.ኤ.አ. በ1974 ባቀረበው ጥናት በስሌት አስደግፎታል፤ ርቀቱ ከኮኑ ራድየስ አንድ አስረኛ ያህል ከሆነ፣ ከኮኑ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ከግድግዳ ተመልሶ ከሚመጣው እጅግ ስለሚበልጥ ክፍሉ ከቁጥር አይገባም። የእኔ ኮን ራድየሱ 13 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ ማይክሮፎኑን ከመካከሉ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ፣ እንዳይጨናነቅም የአምፕሊፋየሩን ድምፅ በጣም ቀንሼ ለካሁ። የወጣው መስመር እንደ ኮረብታ ጎን የተስተካከለ ሆነ፤ በ41 ኸርዝ 3 ዴሲቤል፣ በ20 ኸርዝ ደግሞ ወደ 12 ዴሲቤል ይወርዳል። ሁለቱን ግራፎች ስደራርባቸው ከ30 ኸርዝ በታች የሶፋው ከፍ ብሎ ታየ፤ ክፍሉ ከመጀመሪያው የሞገድ ምልልሱ በታች ያለውን ድምፅ ያግዛልና፣ ያስቀየመኝ ሳሎን በዚህ በኩል ባለውለታዬ ሆኖ ተገኘ።

ያ 41 ኸርዝ ግን ሌላ ጥያቄ አስነሳብኝ፤ በአምራቹ ቁጥሮች ያሰላሁት 44 ነበርና። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየር የሚሠራው ስፕሪንግ በዚያው ልክ ይለሰልሳል። ይህን ጨምሬ ስሌቱን ስደግመው 41 መጣ። የአምራቾች ቁጥር ራሱ ከስፒከር ስፒከር ስለሚዛነፍ ልዩነቱን ሁሉ ለከፍታው አልሰጥም፤ ነገር ግን አቅጣጫው ትክክል ነው። የድምፅ ፍጥነት ግን የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በግፊት ስላልሆነ የሳሎኑ 37 ኸርዝ ባሕር ዳርቻ ቢወሰድም ያው ነው።

በመጨረሻ ሳጥኑን ትቼ ሶፋውን 70 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገፋሁት፤ ጉድጓዱ ከ18 ወደ 6 ዴሲቤል ገደማ ተሞላ። የቀረው 52 ኸርዝ ላይ የሚንጫረረው የቡፌው ብርጭቆ ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሥሩ ጨርቅ አንጥፌ ዝም አሰኘሁት።