ቤት በክረምት ነው የሚታየው

እኛ የቅርስ መዝጋቢዎች ዘንድ የቆዩ ቤቶችና ቤተክርስቲያኖች ምዝገባ ሁሌ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው የሚደረገው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ፎቶ ያምራል ይባላል። እኔ ደግሞ ክረምት ላይ ያልሄድንበትን ቤት አየነው አንበል ባይ ነኝ። ይሄን ባልኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አሉ፣ ግን እኔ ዝም ብዬ አይደለም የምከራከረው፣ ላስታ ላይ በነሐሴ የሆነው እስከዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ያኔ በክረምት የወጣነው በጀት ዘግይቶ ስለተለቀቀ እንጂ ማንም አስቦበት አልነበረም። ላሊበላ ከተማዋ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ከሷ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ወጣ ስትሉ ደግሞ ብርዱ ሌላ ነው። ጠዋት ጉም ነው፣ ረፋድ ላይ ትንሽ ፀሐይ ትወጣለች፣ ከሰዓት ዶፍ፣ አንዳንዴ ከነበረዶው። ስራ የሚሰራው ጉሙ ከተገለጠ በኋላ ዶፉ እስኪመጣ ባለችው ሰዓት ነው፣ እሷንም ግማሿን መኪናውን ከማጥ ስናወጣ ነው የምንጨርሳት። የመንደሩ ሰው አረም ላይ ነው፣ ገሳውን ደርቦ ጎንበስ ብሎ ያርማል፣ ድንገት ቀና ብሎ ተራራውን ያይና ልጆቹን ከብት አስገቡ ይላቸዋል፣ እኛ ገና ሜትር እየዘረጋን ነው፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ይወርዳል። ስልካችን ላይ ያለው የአየር ትንበያ አንድም ቀን እንደነሱ አልሆነልንም።

የላስታን የድንጋይ ቤት ያየ ያውቀዋል፣ ክብ ነው፣ ፎቅ አለው፣ ታች ከብት ላይ ሰው፣ ደረጃው በውጭ በኩል፣ ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው። ጭቃ መሆኑን ያዙልኝ። ፎርማችን ላይ ያሉት ረድፎች ዕድሜ፣ ቁመት፣ ወርድ፣ የተሰራበት ቁስ፣ የጉዳት ደረጃ ናቸው። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ "ይዞታውን ያልጠበቀ" ይባልና ነጥቡ ይወርዳል።

አንድ መንደር ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቤት አገኘን። አንዱ ክዳኑ ሰንበሌጥ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ሌላው ድንጋዩ ያው የድሮው ነው፣ ጣራው ግን ቆርቆሮ። ባለቤቷ እድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው፣ ዝናቡ ሲይዘን ግቡ ብለው አስገቡን። የቡድን መሪያችን ገና ሳይቀመጥ "እማማ ሳሩን ለምን አነሱት? ቤቱን አበላሹት እኮ" አላቸው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ስለሚጮህ አልሰሙትም፣ ደገመው። እሳቸውም አልተቆጡም፣

"ልጄ ሳሩ ከየት ይምጣ? የሚታጨድበት ሜዳ እኮ ታርሷል። ድሮ ክዳኑ ሲያረጅ አገር በደቦ ወጥቶ ይከድንልን ነበር፣ አሁን ልጁም ከተማ ገባ። ቆርቆሮው ይበርዳል፣ እንደምታየው ይጮሃል፣ ግን አያፈስም። ደግሞ ቤት ከላይ ብቻ አይደለም የሚሞት፣ ከእግሩ ነው፣ ና ላሳይህ" አሉትና ዝናቡ ጋብ ሲል ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ።

ያሳዩን ነገር ከቤቱ በላይ በኩል፣ ዳገቱ ላይ የተቆፈረ ቦይ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ያስጠርጉታል። ዳገቱን ይዞ የሚመጣው ጎርፍ እዛ ጋ ይታጠፍና ቤቱን ዞሮ ወደ ገደሉ ይሄዳል። የሳሩ ክዳን ጫፉ ረዘም ብሎ ስለሚወጣ ጠብታውን ከግድግዳው አርቆ ይጥል ነበር፣ ቆርቆሮው ግን አጭር ነው፣ ስለዚህ ጠብታው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድረዋል፣ ጭቃው ተፈናጥሮ ግድግዳውን እንዳያርሰው። የጣራ አሸንዳ መግዣ የለኝም ነው ያሉት። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ ጥገና በብዙ ብር የተሰራ ፕሮጀክት ላይም አላየሁም።

ያ ሰንበሌጡ ቤት ደግሞ ቦዩ ደፍኗል። ውሃው ተጠራቅሞ ከግድግዳው ስር ተኝቷል፣ ሹፌራችን ነው ቀድሞ ያየው፣ እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጎ "ይሄ እኮ ሆድ አውጥቷል" አለ። እውነትም አውጥቷል። ጭቃው ርሶ ሲለሰልስ ድንጋዩ ወደ ውጭ እየተገፋ ነው። በታኅሣሥ ብንመጣ መሬቱ ደርቆ ውሃው የት እንደተኛ ምልክቱም አይገኝም ነበር።

ማታ ፎርም ሲሞላ ሰንበሌጡ ቤት የጉዳት ደረጃው "ዝቅተኛ" ተባለ፣ የእማማ ቤት "ከፍተኛ"። እኔ ቦዩን፣ የተደረደረውን ድንጋይ፣ ሆድ ያወጣውን ግድግዳ በአንድ አንቀጽ ጽፌ አባሪ አደረግኩ። የቡድን መሪያችን አነበበው፣ እስክሪብቶ አነሳ፣ ከላይ እስከታች ሰረዘው። "ይሄ የመንደር ወሬ ነው፣ ሪፖርት ውስጥ አይገባም" አለኝ። ግድግዳው ሆድ ማውጣቱስ ወሬ ነው ወይ ስለው "እሱን መሐንዲስ ሲመጣ ያየዋል" አለ። ሌላ ምንም አላለም፣ መብራቱን አጥፍቶ ተኛ። ሹፌሩ ከማዶ አልጋ ሆኖ ሰምቶናል፣ ጠዋት መኪና ሲያሞቅ ዝም ብሎ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ይሄ ሁሉ ላሊበላ አፍንጫ ስር መሆኑ ነው። እዛ ያሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፣ እስከዛሬ ያለባቸው ፈተና ግን ይኸው ውሃ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ቆሞ ላየው ሰው ጣራው ላይ የወረደው ዝናብ መውረጃ ተፈልፍሎለታል፣ ዙሪያው የተቆፈረው ገንዳም ውሃው እንዳይተኛ ተደርጎ ነው የተሰራው። ፈልፋዮቹ ስለ ዝናቡ ሳያስቡ መሮ አላነሱም ማለት ነው። በኋላ ዘመን ውሃ ያቆማል ተብሎ ጣራቸው ሬንጅ የተቀቡ ነበሩ፣ እሱንም ሌላ ጥገና መጥቶ አነሳው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ቤተ መድኃኔዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ላይ ትልልቅ መጠለያ ተተከለ፣ ለጊዜው ተብሎ ነው፣ እስካሁን አለ፣ ካህናቱ ምሰሶው ቢወድቅስ እያሉ ይሰጋሉ።

በማግስቱ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ሄድን፣ በጽድ ደኑ መሀል እየተንሸራተትን። ከላሊበላ በፊት የነገሠ የዛጉዌ ንጉሥ ስራ ነው፣ እንጨትና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ የቆመ፣ ሙሉ በሙሉ ዋሻ ውስጥ ያለ። ውጭ ዶፍ እየወረደ ውስጥ ድርቅ ያለ ነው፣ እንጨቱ እንኳን አልበሰበሰም። የቡድን መሪያችን ጣራው መቼ ነው የተጠገነው ብሎ አንድ አባትን ጠየቀ። እሳቸው ቀና ብለው የዋሻውን ጣሪያ እያዩ "ልጄ ዝናብ ያልነካውን ምን ብለን እንጠግነዋለን" አሉት። እሱ "መረጃ የለም" ብሎ ሞላ። እኔ ግን ያንን ቦታ የመረጠው ሰው ከሁላችን የበለጠ ስለ ክረምት ያውቅ እንደነበር እዛው ቆሜ አመንኩ፣ እማማም የሚያደርጉት ያንኑ ነው፣ ዋሻ ስለሌላቸው ቦይ ቆፈሩ።

ዘንድሮ ፎርሙ ሊከለስ ነው ተብሎ አስተያየት ስንጠየቅ ሁለት ረድፍ ይጨመር ብዬ አስገባሁ፣ ውሃው በየት በኩል ይወርዳል የሚልና ቦዩን ማን ይጠርጋል የሚል። ምዝገባውም ቢያንስ አንዱ ዙር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሁን ብያለሁ። የመጀመሪያው ረድፍ ገብቷል። ሁለተኛው "ቴክኒካል አይደለም" ተብሎ ወጥቷል፣ እሱን እንዲመልሱት ደብዳቤ ጽፌ መልስ እየጠበቅኩ ነው።